የፑሚስ ብሎኬት በአዳማ፦ ግዙ፣ ግን ቆጥራችሁና አንኳኩታችሁ

ለቸኮለ ሰው መልሱን ቀድሜ ልንገር። አዳማ ውስጥ የሚከራይ ሰርቪስ ቤት ለመሥራት ወይም አሮጌ ቤት ለማደስ ካሰባችሁ የፑሚስ ብሎኬት ግዙ። ከማንም ግን አትግዙ። ጥሩውም መጥፎውም ከሩቅ ሲታይ ያው ግራጫ ነው፣ ዋጋውም ብዙ አይራራቅም። ልዩነቱ የሚለየው ከመኪና ሲወርድ ነው። ያኔ ደግሞ ብሩ ተከፍሎ አልቋል።

እኔ የገዛሁት ከግቢው ጀርባ ለሠራኋቸው 3 የሚከራዩ ክፍሎች ነው። ፊት ለፊት ያለውን የቤተሰብ ጭቃ ቤት ሳድስም ለውስጥ ክፍልፋይ ተጠቀምኩበት። ክረምቱንም በጋውንም ካየሁበት በኋላ ነው የምጽፈው፣ ስለዚህ የሻጭ ወሬ አይደለም። የማምረቻውን ስም አልጠራም። የማመሰግንበትም የምወቅስበትም ነገር አለ፣ ደግሞም ሌሎቹ ከዚያ አይሻሉም።

ፑሚስን ለማያውቅ ሰው፦ ከእሳተ ገሞራ የወጣ፣ ውስጡ በአየር ቀዳዳ የተሞላ ቀላል ድንጋይ ነው። ደረቁን ባልዲ ውሃ ውስጥ ብትጥሉት ይንሳፈፋል። እኛ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለሆንን በቅርብ ይቆፈራል፣ ሩቅ ያለ ሰው ለማጓጓዣ የሚገፈግፈውን ብር አንከፍልም። ግን እዚህ ላይ አትሳቱ። ሰው ሁሉ "የኛ አገር ብሎኬት ርካሽ ነው" ብሎ የአንዱን ፍሬ ዋጋ ብቻ ይከራከራል። በአንድ ፍሬ ላይ የምታስቀንሱት ሳንቲም ሌላ ቦታ ከሚፈሰው ብር ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። የሚፈስበትን ቦታ ወረድ ብዬ አሳያለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሙቀቱ። "የፑሚስ ቤት ይቀዘቅዛል" ሲባል ሰምታችኋል። ግማሹ እውነት ነው። ውስጡ ያለው አየር ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም፣ የከሰዓት ፀሐይ የሚመታውን የምዕራብ ግድግዳ ከውስጥ በእጃችሁ ብትነኩት ልዩነቱን ታውቁታላችሁ። ነገር ግን መጋቢትና ሚያዝያ ላይ አዳማን የሚያቃጥላት ግድግዳው ሳይሆን ቆርቆሮው ነው። ኮርኒስ የሌለው ክፍል ግድግዳው በወርቅ ቢሠራም ምድጃ ነው። እኔ ኮርኒስ አስገብቼ ከኮርኒሱ በላይ በሁለቱም ጫፍ አየር መውጫ ቀዳዳ አስተረፍኩ፣ ወፍና አይጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ዘጋሁት። ወጪው እዚህ ግባ አይባልም። ብሎኬቱ ከዚህ ጋር ተደምሮ ነው ስም ያተረፈው፣ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ግን ይህን ያህል ባላወደስኩት።

ክብደቱ ማነሱ ግን ያለ ምንም "ግን" የማመሰግነው ነገር ነው። ባለ 20ውን፣ ማለትም 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን፣ አንድ የቀን ሠራተኛ ሳያቃስት ያነሳዋል፣ ግንበኛውም ከሰዓት በኋላ እጁ አይዝልም። ሌላም ነገር አለ። በ2017 አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ እዚህ አዳማ ድረስ ተሰምቶናል፣ ሌሊት ከቤት የወጣ ሰው ጥቂት አይደለም። መንቀጥቀጥ ቤትን የሚገፋው በክብደቱ ልክ ነው፣ ግድግዳው ሲቀል የሚገፋው ኃይልም ይቀንሳል። ይህ ማለት ግን ብሎኬቱ ቤቱን ይሸከማል ማለት አይደለም። የሚሸከሙት ኮለኑና ቢሙ፣ ማለትም የኮንክሪት ምሰሶውና አግዳሚው ናቸው፣ ብሎኬቱ በመሀል ያለውን ክፍት ቦታ ነው የሚሞላው። "ሰርቪስ ስለሆነ ኮለን አያስፈልገውም፣ ከላይም ቢም ዝለለው፣ ብር ትቆጥባለህ" የሚል ፎርማን ካገኛችሁ ሻይ ጋብዙትና ሸኙት። እንዲህ ያለ ቁጠባ አልፈልግም።

አሁን ወደ ማምረቻው እንግባ። አዳማ ነፋሻ ከተማ ናት፣ 51 እና 153 ሜጋዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች ያሏት ያለ ምክንያት አይደለም። ያ ነፋስ ለብሎኬት ጠላት ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ደርቆ ሳይሆን ውሃ ጠጥቶ ነው። ፀሐዩና ነፋሱ ውሃውን ቀድመው ከወሰዱበት ብሎኬቱ ከላይ ጠንካራ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ይረግፋል። ስለዚህ ከተመረተ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት፣ ጥንካሬው በደንቡ የሚለካው ደግሞ በ28ኛው ቀን ነው። የግንባታ ወቅት ሲደራ ግን ከትናንት ወዲያ የተመረተው ዛሬ ይጫናል። "መቼ ነው የተመረተው?" ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም "ወር አልፎታል" ይላል። አትጠይቁ፣ መሬቱን እዩ። ብሎኬቱ የተደረደረበት መሬት ደረቅ አቧራ ከሆነ ያ ብሎኬት ውሃ አላየም። መሬቱ ረጥቦ፣ ጎማው ተዘርግቶ፣ አንዱ ልጅ ውሃ ሲያጠጣ ካገኛችሁት እሱ ጋ ቁሙ። እኔ የገዛሁበት ቦታ በዚህ በኩል ጥሩ ነበር፣ ላስቲክ ሁሉ አልብሰውት ነው ያገኘሁት።

ከዚያ ሁለት ብሎኬት አንሱና አጋጩ። የበሰለው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ ያልበሰለው ድንዝ ይላል። ጠርዙን በአውራ ጣት አሹት፣ ዱቄት ካራገፈ ተዉት። ከወገብ ከፍታ አፈር ላይ ጣሉት፣ ጥሩው ቢበዛ ጥጉ ይፈነቀላል እንጂ ሦስት ቦታ አይሆንም። አንዱን ሰብራችሁም ውስጡን እዩ። ፑሚሱ ሲሚንቶ ለብሶ መያያዝ አለበት፣ ነጭ ድንጋዩ ራቁቱን የሚታይ ከሆነ ሲሚንቶ ተሰስቶበታል ማለት ነው፣ የአፈር እንክብል ካያችሁ ደግሞ ሳይነፋ ነው የገባው። ባለቤቱ "ለምን ትሰብራለህ?" ካለ የሰበራችሁትን ከፍላችሁ ውጡ። ከአንድ ብሎኬት ዋጋ በላይ አልከሰራችሁም።

ወቀሳው ማድረስ ላይ ነው። ጠዋት ይደርሳል የተባለው ሲመሽ መጣ፣ ግንበኛና ረዳት ሙሉ ቀን ጥላ ሥር ተቀምጠው ዋሉ፣ የቀን ሒሳባቸውን የከፈልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ሲወርድ እየተወረወረ ነው፣ የተሰበረውም እንደ ሙሉ ተቆጠረ። "መንገድ ላይ የተሰበረ የኛ አይደለም" የሚል መልስ አላቸው፣ ዓይናቸው ስር እየተሰበረ እንኳን። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ተነጋገሩ፦ ሒሳቡ የሚዘጋው ወርዶ ከተቆጠረ በኋላ በሙሉው ፍሬ እንደሆነ፣ ማውረጃው ደግሞ በማን እንደሆነ። የጫኝና አውራጅ ልጆች ነገር የሁላችንም ራስ ምታት ነው። መኪናው በር ላይ ቆሞ ሳለ የሚደረግ ክርክር ሁልጊዜ በነሱ አሸናፊነት ያልቃል። መኪናው ሳይመጣ የሰፈሩን ልጆች አግኝታችሁ ዋጋ ቁረጡ፣ ደርድሮ ማውረድ ከሆነ ትንሽ ጨምሩላቸው። የምትጨምሩት ብር ከሚሰበረው ብሎኬት ያንሳል።

እሺ፣ ብሩ የት ነው የሚፈሰው? አንደኛ ብዛት ላይ። ፎርማኑ ለ3ቱ ክፍሎች 1500 ብሎኬት አለኝ። ወረቀት አወጣሁ። እያንዳንዱ ክፍል 3 በ4 ሜትር፣ ሦስቱም ተያይዘው በአንድ መስመር። ረጃጅሞቹ ሁለት ግድግዳዎች 9 ሜትር 9 ሜትር፣ አቋራጮቹ አራት፣ እያንዳንዳቸው 4 ሜትር። በድምሩ 34 ሜትር። በ2.8 ሜትር ቁመት 95 ካሬ ገደማ ይሆናል። ከዚያ ላይ በርና መስኮቱን 9 ካሬ ቀንሱ፣ 86 ይቀራል። ፊቱ 40 በ20 የሆነ ብሎኬት ለአንድ ካሬ 12 ተኩል ይገባል። 1075 ማለት ነው። የስብራት 5 በመቶ ጨምሩበት፣ 1130 አይሞላም። ፎርማኑ ካለው ጋር ያለው ልዩነት 370 ብሎኬት ነው። ይህ ልዩነት ሌላ ክፍል ግድግዳ ያቆማል። ፎርማኑ ሌባ ነው አልልም፣ ብዙዎቹ "ይተርፋል እንጂ አይጎድልም" ብለው ነው በግምት የሚናገሩት። የተረፈው ብሎኬት ግን ግቢ ውስጥ ሣር ይበቅልበታል፣ ብሩም አብሮት ይቀመጣል።

ሁለተኛው የሚፈስበት ቦታ ልስን ነው፣ እንደውም ትልቁ እሱ ነው። ሰው ግንበኛ ሲቀጥር የሚከራከረው የእጅ ዋጋ ላይ ነው። በርካሽ የሚሠራው ቸኩሎ ይደረድራል፣ ግድግዳው ይጠማል፣ ጠማማውን የሚያቃናው ደግሞ ልስኑ ነው። 2 ሳንቲ ሜትር ልስን በቂ ሆኖ ሳለ ጠማማ ግድግዳ 4 ሳንቲ ሜትር ይበላል። ከላይ ያለውን 86 ካሬ ከውስጥም ከውጭም ስትለስኑት 172 ካሬ ነው፣ 2 ሳንቲ ሜትር ጭማሪው ወደ 3 ሜትር ኩብ ተኩል የሚጠጋ የሲሚንቶና የአሸዋ ቅልቅል ይሆናል። በአሁኑ የሲሚንቶ ዋጋ አስቡት። ውድ ግን በቱንቢና በክር የሚሠራ ግንበኛ ይዤ ነው ያተረፍኩት። በየሦስት ረድፉ ቱንቢ ጥሎ ሲያይ መዋል ነበረበት፣ እኔም ሄጄ አይ ነበር፣ ትንሽ ተሰላችቶብኛል።

የብሎኬቱ ችግሮችስ? አሉ። ውሃ ይጠጣል። መሬቱን የሚነካው ረድፍ በፑሚስ አይሠራ፣ ከመሬት በላይ ከፍ ብሎ በድንጋይ ግንብና በግሬድ ቢም (ከግድግዳው ሥር በሚዞረው የኮንክሪት አግዳሚ) ላይ መቆም አለበት። አዳማ ዙሪያዋን በተራራ ተከብባ ክረምት ሲሆን ጎርፉ የት የት እንደሚገባ ነዋሪው ያውቀዋል። ሽንት ቤትና ሻወር ውስጥም ከሴራሚኩ በፊት ውሃ የማያስገባ ልባስ ግዴታ ነው፣ አለዚያ ከጀርባ ያለው ክፍል ቀለሙ ይላጣል። ከልስን በፊት ግድግዳውን ውሃ ካላርከፈከፋችሁበት የልስኑን ውሃ ይመጥና ልስኑ ይሰነጣጠቃል። እቃ መስቀልም አይመችም። ተራ ፊሸር (ብሎን የሚገባበት ፕላስቲክ) ብዙ አይይዝም፣ የውሃ ማሞቂያ ወይም ትልቅ ቲቪ የሚሰቀልበትን ቦታ አስቀድማችሁ ወስናችሁ የብሎኬቱን ቀዳዳ በኮንክሪት አስሞሉት። ኤሌክትሪሻኑ መስመር ሲቆርጥ በመዶሻ ከሆነ ግድግዳውን ያደቅቀዋል፣ በግራይንደር ይቁረጥ።

ስለ ሲሚንቶ አጭር ነገር። ለግንብና ለልስን ፒፒሲ (የተፈጨ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ) ይበቃል፣ ዋጋውም ይቀላል። የሚገርመው እኛ አገር በብዛት ፒፒሲ ውስጥ የሚፈጨውም ይኸው ፑሚስ ነው። ለኮለንና ለቢም ግን ኦፒሲ (ያልተቀላቀለውን ሲሚንቶ) ተጠቀሙ። ፒፒሲ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር የቸኮለ ፎርማን ኮንክሪቱን የያዘውን እንጨት ሳይጠነክር ቀድሞ ይነቅለዋል። አሸዋ በቢያጆ (በመኪና ጭነት) ስትገዙ የመኪናውን ሳጥን በሜትር ለኩ፣ "16 ኩብ" የሚባለው ሁልጊዜ 16 አይደለም። ከአሸዋው ላይ በጠርሙስ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ አናውጡና አሳድሩት፣ ከላይ የሚቀመጠው ጭቃ ከ6 በመቶ ካለፈ መኪናውን መልሱ። ፌሮ ደግሞ በቁጥር ብቻ አትቀበሉ፣ አንዱን ሚዛን ላይ አውጡት። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ 12 ሜትር ርዝመቱ፣ 10 ኪሎ ተኩል አካባቢ መመዘን አለበት። 9 ኪሎ ከሆነ ባለ 11 ነው የተሸጠላችሁ። ባለ 8ቱ 4 ኪሎ ከ700 ግራም ገደማ ነው። ይህን ስጠይቅ አንዱ ሱቅ ውስጥ "አንተ ኢንጂነር ነህ እንዴ?" ተባልኩ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ሚዛኑን ራሳቸው አመጡልኝ። ከሁለተኛው ገዛሁ።

ጭቃ ቤቱን ስለማደስ። ሰው ሁሉ "አፍርሰው" ነበር ያለኝ። የጭቃ ግድግዳ ለአዳማ ሙቀት ከብሎኬትም ይሻላል፣ እንጨቱ በምስጥ ካልተበላና ጣሪያው ካላፈሰሰ ማፍረስ ብር ማቃጠል ነው። እኔ ቆርቆሮውን ቀየርኩ፣ የተበላውን ሞራሌ እንጨት ብቻ አስነቀልኩ፣ አንዱን ሰፊ ክፍል ለሁለት ለመክፈል ባለ 10 ፑሚስ ብሎኬት ተጠቀምኩ። ወለሉ አሮጌ ስለሆነ ከባድ ግድግዳ ልጭንበት አልፈለግኩም፣ እዚህ ላይ ብሎኬቱ በትክክል ቦታውን አገኘ። የተነቀለው ቆርቆሮ ዝገት ያልበላው ለኩሽናና ለአጥር ዋለ። ለቁራሌው ብሸጠው የሚከፍለኝ ብር አዲስ ቆርቆሮ ስገዛ ምንም አያግዘኝም ነበር።

አሁን ትርፉ። ሰርቪስ ቤት ሲሠራ ትርፍ የሚገኘው ቤቱን በማሳመር ይመስለናል። እኔ ለእያንዳንዱ ወጪ አንድ ጥያቄ ነበር የማቀርበው፦ ይሄ ኪራዩን በወር ስንት ይጨምራል? ለምሳሌ 60 ሺህ ብር የሚያስወጣ ነገር ኪራዩን በ1000 ብር ከጨመረ የሚመለሰው በ60 ወር ነው፣ 5 ዓመት መሆኑ ነው። በ3000 ብር ከጨመረ ግን በ20 ወር ተመለሰ። በዚህ ሲመዘን ውድ ፖርሴሊን ወለል ወደቀ። ለ3 በ4 ክፍል ተከራይ ወለሉን አይቶ ዋጋ አይጨምርም፣ በደንብ የተወለወለ ሲሚንቶ ወይም መካከለኛ ሴራሚክ ይበቃዋል። ያለፈው የውስጥ ሽንት ቤትና ሻወር ነው፣ ልዩነቱ ሰፊ ነው። የጋራ ሽንት ቤት ያለበትን ክፍል ከዩኒቨርሲቲው የመጣ መምህር ወይም የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛ አይቶ ይሄዳል። ሮቶውም አለፈ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ተከራይ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ታንከር አለው?" ብሎ ነው። ለየክፍሉ የመብራት መቁጠሪያ ማስገባቱ ደግሞ ኪራይ ባይጨምርም ጭቅጭቅ ይቀንሳል። ማን ምጣድ ጣደ፣ ማን አልጣደም እያሉ በየወሩ መዳኘት ምን ያህል እንደሚያደክም ያየ ያውቃል።

ሁለት ነገር ከወጪው ዝርዝር ውስጥ አትርሱ። አንዱ የግንባታ ፈቃድ ነው፣ "ሰርቪስ ነው፣ ማንም አያየውም" ብሎ የጀመረ ሰው መጨረሻ ላይ በሁለት እጅ ይከፍላል። ሌላው ኪራዩ ራሱ ሕግ አለው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር አይበልጥም ይላል። ስለዚህ "የ6 ወር ቅድሚያ ተቀብዬ ማጠናቀቂያውን እሠራበታለሁ" ብላችሁ ሒሳብ አትጀምሩ። የኪራይ ገቢ ግብርም አለ፣ ከትርፉ ላይ ቀድማችሁ ቀንሱት። እኔ ሳሰላ 12 ወር ሳይሆን 11 ወር ነው የማባዛው፣ በዓመት አንድ ወር ክፍሉ ባዶ ይሆናል ወይም ቀለም ይቀባል ብዬ።

ማን አይግዛው? ለግቢ አጥር መንገድ ዳር ለሚሠራ ሰው አልመክርም፣ መኪና ሲገጨው ቶሎ ይረግፋል፣ ልስን የሌለው አጥር ደግሞ ክረምት ከክረምት ውሃ ይጠጣል። ፎቅ የሚሠራ ሰው ለግድግዳ ይጠቀምበት፣ ግን የትኛው ክላስ (የጥንካሬ ደረጃ) እንደሚያስፈልገው ዲዛይኑን የሠራው መሐንዲስ ይንገረው እንጂ ሻጩ አይንገረው። ለኔ ዓይነቱ ሥራ፣ ማለትም ለአንድ ፎቅ ለማይደርስ የሚከራይ ክፍልና ለውስጥ ክፍልፋይ፣ ለብሎኬቱ ከ5 አራት ተኩል ሰጥቼዋለሁ። ለማምረቻው ጥራት አራት። ለማድረሻቸው ሁለት፣ እሱም ሾፌሩ ጨዋ ስለነበረ ነው።